ዝም ያለ አይቆጠርም

አሥመራ፣ ማርች 14 ቀን 1995

ይድረስ ለወንድም ጋሼ አብዱልመሊክ ኢንድሪስ፣

ሰላምታውን እንደ ልማዴ ላስረዝመው ነበር፤ ባለፈው ግን «ሳዲያ፣ ሰላምታሽ ሁለት ገጽ፣ ወሬሽ ሁለት መስመር» ብለህ ስለቀለድክብኝ አሳጥሬዋለሁ። ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኑን በፈረንጅ የጻፍኩት ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ከነጻነት ወዲህ እዚህም ቀኑ በፈረንጅ ሆኗል። እኛ መስከረምን ስንጠብቅ ጃንዋሪ ይመጣብናል።

ለምን ደሴ አትገቡም ላልከው፣ እማዬን ጠይቃት። የሰፈራችን ወሎዬ ዕቃውን በጭነት ማኪና እየጫነ ሲሄድ እሷ ደጃችን ላይ ቁጭ ብላ አልነሳም አለች። «አብዱልመሊክ የሚያውቀው የሓዝሓዝ ሰፈሩን ቤት ነው፤ ሲመጣ የማንን በር ያንኳኳል?» አለች። ይኸው አንተም አላንኳኳህ፣ እኛም አለን። ስፌቱ ይሄዳል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ሌላ ጊዜ የሰው ሙሽራ ቀሚስ።

አሁን ሦስት ደብዳቤ ሙሉ ዙሪያውን የዞርኩትን ነገር ልንገርህ። ቃሓውታ ሰፈር፣ ፌርማታው አጠገብ ሻሂ ቤት ያለው አብዱልሃሚድ የሚባል ሰው አለ። አባቱ የባቲ ሰው ነበሩ፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። እማዬ ሁለቱንም ጊዜ «ወሊይዋ፣ የሚድራት ወንድሟ፣ ፈረንሳይ ነው፣ ጠይቀን እንነግራችኋለን» ብላ መልሳቸዋለች። ሽማግሌ ሦስተኛ ይመጣል፤ አራተኛ እንደማይመጣ ታውቃለህ።

አባባ የለም፣ አጎት አልቀረልንም፣ ወሊዬ አንተ ነህ። ወይ መጥተህ እጅህን ከእጁ አግጥመህ ኒካሁን ታስራለህ፣ ወይ «እገሌ በእኔ ቦታ ይቁም» ብለህ በምስክር ፊት ፈርመህ ውክልና ትልካለህ። የመስጊዳችን ኢማም ሁለቱም ይሆናል ብለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው ወንድም ጋሼ። መጻፉ ያሳፍረኛል፤ ካልጻፍኩት ደግሞ አንተ ትተሃት የሄድከውን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው የምታስበው።

እህትህ ሳዲያ


ፓሪስ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1995

ሳዲዬ፣

ዘግይቼ ስለመለስኩ አውፍ በይኝ። ደብዳቤሽን ከስብሰባ ስወጣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ በቁሜ አነበብኩት፣ ሜትሮ ውስጥ ደግሞ ደገምኩት። አንዲት አሮጊት ፈረንሳዊት «ደህና ወሬ ነው?» አለችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ።

እማዬ «የሠራተኛ ማኅበሩ ምን ሾመህ?» ብላ ላስጻፈችው፣ ሹመት አይደለም በያት፤ ምርጫ ነው። ሰው ሁሉ ከባቡር ሲወርድ ወደ ውስጥ የምንገባው እኛ ነን። ማሊው፣ ፖርቱጋሉ፣ ሞሮኮው፣ አንድ ወሎዬ። ወንበሩን እንጠርጋለን፣ መጸዳጃውን እናጥባለን፤ ሌላው መንገደኛ ሲሳፈር ባላዩን ሰዎች መሃል በሌላው በር እንወጣለን። ባልዲ ይዤ የጀመርኩት በ81 ነው። ያን ጊዜ የነበረው ተወካያችን አንድ ቀን ሰብስቦ ረጅም ነገር በፈረንሳይኛ አነበበልንና «የሚቃወም አለ?» አለ። ግማሻችን ቋንቋውን አናውቅም፣ ግማሻችን ፈርተናል። ዝም አልን። «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ፈረመብን። የሌሊት አበላችን በዚያች ዝምታ ሄደች። በሚቀጥለው ምርጫ እኔ ተወዳደርኩ። ቋንቋዬ ተሰባብሮ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከዛሬ ጀምሮ ዝም ያለ አይቆጠርም፤ እጁን ያወጣ ብቻ ነው የሚቆጠር። ይኸው አሥር ዓመት አልፎኝ የጽዳት ሠራተኞቹ ቅርንጫፍ ኃላፊ ነኝ። ፎቶውን ከማኅበሩ ጋዜጣ ቆርጬ ልኬላችኋለሁ፤ የሻንጣ ጋሪ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ውክልና አትለምኚኝ። ያላየሁትን ሰው፣ ያልሰማሁትን ቃል ርቄ ተቀምጬ በወረቀት አልፈርምም። ይህን ብፈርም የዚያ ተወካይ ወንድም ሆንኩ ማለት ነው። ራሴ እመጣለሁ። ሰኔ ላይ የማኅበራቱ ፌደሬሽን ጉባኤ አለ፣ ለአመራር ተጠቁሜያለሁ፤ ከዚያ እንዳለቀ እመጣለሁ።

እስከዚያ ድረስ ስለ ሰውየው ጻፊልኝ። ይሰግዳል? ይቅማል? ሻሂ ቤቱ የራሱ ነው ወይስ ኪራይ? ስንት ሠራተኛ አለው? የዕረፍት ቀን ይሰጣቸዋል? ሰው እታች ያለውን እንዴት እንደሚይዝ ያላየሽበት ሰው ገና አልታወቀሽም።

ወንድምሽ አብዱልመሊክ


አሥመራ፣ ሜይ 3 ቀን 1995

ወንድም ጋሼ፣

ዒዱ ሳይደርስ ይድረስህ ብዬ ቸኩዬ ነው። ፎቶህ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እማዬ መጀመሪያ ስታየው ደንግጣ «ሰዉ ሁሉ እጁን ያነሳው ምን ቢመጣበት ነው፣ ወታደር ነው?» አለች። ድምፅ ሲሰጡ ነው ብዬ ሳስረዳት ደስ አላት፤ ግን «የኔ ልጅ ከጋሪው ላይ ባይወድቅ» ማለቷን አልተወችም። የድሮ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጽገረዳም አየችው። ታስታውሳታለህ፣ አማርኛ ትምህርት ቤት ተምራ አንተን የፊደል ገበታ ስታስጠናህ የነበረችው። አሁን ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ገብታለች፣ ስልክም አላት። «ወይለይ፣ አብዱልመሊክ ሸምግሏል» አለች። እኔ ግን አልሸመገልክም ብያለሁ።

ጥያቄህን ልመልስ። ይሰግዳል። አይቅምም። ቤቱ የመንግሥት ኪራይ ነው፣ እዚህ የማን ቤት ነው የራሱ? ሁለት ሠራተኛ አለው፣ ዘርኣይ እና መንግስትኣብ ይባላሉ፤ ሁለቱም ከሜዳ የተመለሱ ታጋዮች ናቸው፣ ሻሂ ሲቀዱም ትእዛዝ የሚቀበሉ ይመስላሉ። የዕረፍት ቀን የላቸውም። አብዱልሃሚድም የለው። እኔም የለኝ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። እማዬ «በሰኔ መጥቶ እራሱ ይድራታል» አለቻቸው። ከመሃላቸው ትልቁ «ኢንሻአላህ» አሉ፤ አባባሉን ብትሰማው እንደማያምኑ ይገባህ ነበር። እስከ ሰኔ ጠብቀን ካልመጣ ነገሩን ትተን እንሄዳለን አላሉም፤ ጨዋ ናቸው። ግን ጫማቸውን ሲያደርጉ ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ ሰኔ እየደረሰ ነው። ጉባኤህ ይቅና።

ሳዲያ


ፓሪስ፣ ጁን 27 ቀን 1995

እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄ፣ ጀምሬ ቀድጄ ነው። ምን ብዬ ልጻፍልሽ።

ጉባኤው አልቋል፤ አልተመረጥኩም። «ወንድማችን አብዱልመሊክ ታላቅ ታጋይ ነው» ብለው አጨበጨቡልኝ፤ ሲያጨበጭቡ ነው የገባኝ። ፎቶ ሲሆን ከፊት ያቆሙኛል፣ ወንበር ሲሆን ኮሪደር ላይ ነኝ። የባቡር ነጂው ማኅበር ሰዎች «እናንተ ጽዳቶቹ የኮንትራክተር ሰዎች ናችሁ፣ የባቡር ሠራተኛ አይደላችሁም» ይሉናል። ባቡሩን በእጃችን ሙልጭ አድርገን የምናውቀው እኛ፣ የባቡር ሰው አይደለንም። በጥር ድጋሚ ጉባኤ አለ። ያን ጊዜ ወይ እገባለሁ ወይ ባልዲዬን አነሳለሁ።

እመጣለሁ ያልኩትንም አልቻልኩም። ከጉባኤው ማግስት ኩባንያው ሰዎቻችንን አባረረ፤ ሴቶች ናቸው፣ ልጅ ያላቸው። ጥዬአቸው አውሮፕላን ብወጣ ሽንፈቱን ራሴ ፈረምኩ ማለት ነው። ሳዲዬ፣ ምን ያህል እንደምታዝኚብኝ አውቃለሁ፤ ይቅርታዬን እንደ ወንድም እንጂ እንደ ማኅበር ሰው አትቁጠሪው።

ለአብዱልሃሚድ በቀጥታ ጽፌለታለሁ፣ አትቆጪ። አንድ ነገር ነው የጠየቅኩት፦ ለሠራተኞቹ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት። የመህሩን፣ የጥሎሽሽን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

አብዱልመሊክ


አሥመራ፣ ኦገስት 20 ቀን 1995

ለወንድም ጋሼ፣

አትቆጪ ላልከው፣ ተቆጥቻለሁ። እኔን ነው የምትድረው ወይስ ዘርኣይን እና መንግስትኣብን? የሰው ወንድም ወርቅ ይጠይቃል፣ ሐር ይጠይቃል። የኔ ወንድም የአስተናጋጅ ዕረፍት ጠየቀ! ወሬው ቃሓውታን አልፎ የአሥመራ መርካቶ ገብቷል። ልብስ ልታስለካ የመጣች ሴት ሁሉ አፏን ይዛ ትስቅብኛለች።

አብዱልሃሚድ ግን አልሳቀም። ደብዳቤህን አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተና «ልክ ነው» አለ። አሁን ዓርብ ዓርብ ሻሂ ቤቱ ዝግ ነው። መንግስትኣብ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ወንድምሽን የቐንየለይ በይልኝ» ብሎ እያመሰገነህ እጄን ጨብጦ አለቀቀኝም። ዱዓው ሁሉ ላንተ ነው፣ ቀልዱ ለእኔ።

ስለ ስልኩ ደግሞ ልናገር። «ልደውል ነው፣ ወይዘሮ ጽገረዳ ቤት ጠብቁኝ» ስላልክ ሄድን። አብዱልሃሚድ ለእማዬ ታክሲ አመጣላት። አንተም ደወልክ። እማዬን አነጋገርካት፣ አለቀሰች። ወይዘሮ ጽገረዳን ስለ ፊደል ገበታው አነጋገርካት። አብዱልሃሚድን አነጋገርከው፤ ሠራተኞቹን፣ ግብሩን፣ መታወቂያውን ጠየቅከው፣ እሱም እንደ ተማሪ ቆሞ መለሰ። እኔ ተራዬን ከጎኑ ቆሜ እጠብቅ ነበር። መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ይደውላል ብለን ሻሂ ቀርቦልን እስኪመሽ ተቀመጥን። ይሁን።

ሽማግሌዎቹ ዓርብ የተዘጋውን ሻሂ ቤት አይተው አብዱልሃሚድን «ይህች ልጅ ካንተ በፊት ሱቅህን አገባች» ብለውታል። አራተኛ እንደማይመጡ ነግሬህ ነበር። አልመጡም። እሱ ብቻ ነው የቀረ፤ እሱም ሰው ነው፣ ይሰለቻል።

ውክልናውን ላክልኝ ወንድም ጋሼ። ሁለት መስመር ነው።

ሳዲያ


ፓሪስ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1995

ሳዲዬ፣

ተቀመጪና አንቢው። ቲኬት ቆርጫለሁ። ዲሴምበር 9፣ በፍራንክፈርት በኩል፤ አሥመራ እሑድ ጠዋት እገባለሁ። የተባረሩት ሴቶች ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ኩባንያውን ለመንነው አይደለም፤ ባቡሮቹ ለሁለት ቀን ሽታቸውን ይዘው ሄዱ፣ መንገደኛው ራሱ ለመነልን።

አብዱልሃሚድ ዓርብ መዝጋቱን ስሰማ ምን ያህል እንደረካሁ አትጠይቂኝ። ጥሩ ሰው ነው። ጥያቄዬን ጨርሻለሁ። መህሩን እጄን ከእጁ ሳገጥም እዚያው እንነጋገራለን፣ አላስቸግረውም። እማዬ ምን ትፈልጋለች? መነጽር? የጉልበት መድኃኒት? የሙሽራው ልኩ ስንት ነው፣ ሱፍ ላመጣለት እፈልጋለሁ።

ለእማዬ ግን አትንገሪያት፣ ሐደራ። በር ሳንኳኳ ራሷ ትክፈትልኝ።

አብዱልመሊክ


አሥመራ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1995

ወንድም ጋሼ፣

ለእማዬ ነገርኳት። አትቆጣኝ፤ ደስታን ብቻዬን መያዝ ስላልቻልኩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ በተነካ ቁጥር ትነሳለች። ነፋስም ይሁን ድመት።

የሱፉን ልክ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። መነጽሩን ተወው፣ እሱን ለማየት ዓይኔ ይበቃኛል ትላለች። የራሴን ቀሚስ መስፋት ጀምሬያለሁ። የስንቱን ሙሽራ ወገብ ለክቼ የራሴን ስለካ ቁጥሩ ጠፍቶብኝ ሦስቴ ደገምኩት። እማዬ ደግሞ ማታ ማታ ታስተምረኛለች፦ የኒካሁ ዕለት ሰዎቹ ሲጠይቁሽ እንዳትመልሺ፣ አንገትሽን ደፋ አድርገሽ ዝም በይ፤ የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው፤ አዎ ያለች ሙሽራ ዓይን አውጣ ትባላለች። እሷም ዝም ብላ ነው አሉ አባባን ያገባች። እስቃለሁ፣ ትቆነጥጠኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልጻፍ፣ አንተ ከአሠሪ ጋር ስትነጋገር እንደምታደርገው። ቃዲውን ጠይቄያለሁ። ወሊይ ሩቅ ሆኖ መልስ ካልሰጠ ወሊይ ለሌላት ቃዲው ወሊይዋ ነው አሉኝ። ጠብቂው፣ ጻፊለት፣ ጊዜ ስጪው አሉኝ። እኔም ይኸው ጽፌልሃለሁ። የረጀብ ወር እስኪያልቅ ካልመጣህ፣ ወይ ወረቀትህ ካልመጣ፣ ሻዕባን ሲገባ ቃዲው ዘንድ እሄዳለሁ። ረመዳን ሳይገባ ማግባት አለብኝ። አንተ ይህን ማስጠንቀቂያ ትለዋለህ። እኔ ምን እንደምለው አላውቅም። ደብዳቤውን እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት።

የወይዘሮ ጽገረዳ ስልክ መንገዱን ሲቆፍሩ መስመሩ ተበጥሷል። አትደውል፣ ጻፍ።

ሳዲያ


ፓሪስ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1995

ሳዲዬ፣ እህቴ፣

አገሩ ቆሟል። ባቡር የለም፣ ሜትሮ የለም፣ ሰው በብርዱ በእግሩ ይሄዳል። ነጂው፣ ቲኬት ቆራጩ፣ ሁሉም አድማ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የባቡር ነጂዎቹ ወደ እኛ መጥተው «ከእኛ ጋር ትወጣላችሁ ወይ?» አሉን። አሥራ አራት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። ጋሪው ላይ ወጥቼ ጠየቅሁ። አንድም እጅ አልቀረም። ከዚያ ሁሉ እጅ ፊት ቆሜ በኪሴ ያለውን ቲኬት ዳሰስኩት።

አልመጣም። ጽፌዋለሁ፣ እንደገና አላነበውም።

ከዚህ ጋር ውክልናው አለ። ሁለት ማሊያውያን ወንድሞች ፈርመውበታል፣ መስጊድ ይዤአቸው ሄጄ። «አብዱልሃሚድን መርምሬ፣ ጠይቄ፣ ረክቼበት እህቴን ሳዲያን እንዲድርልኝ የመስጊዱን ኢማም ወክያለሁ» ይላል። በሕይወቴ ያልሠራሁትን ነው የሠራሁት። ያላየሁትን ፈረምኩ። ያን የድሮ ተወካይ ዕድሜ ልኬን ስሰድበው ኖሬ ዛሬ እሱን ሆንኩ። ስለ አንቺ ብዬ ነው፣ ስለዚህ አይቆጨኝም። ይቆጨኛል።

ቴሌግራም ልልክ ሄድኩ፣ እነሱም አድማ ላይ ናቸው። ሌላ ሰፈር ያለው ፖስታ ቤት ዛሬ ክፍት ነው ብለውኛል፣ በእግሬ እሄዳለሁ።

አብዱልመሊክ


አሥመራ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1995

አብዱልመሊክ፣

አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። እማዬ፣ እኔ፣ አብዱልሃሚድ፤ ዘርኣይ እንኳ ዕቃህን ሊሸከም መጥቶ ነበር። አውሮፕላኑ ሰዉን ሁሉ አወረደ። እማዬ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ አልነሳም አለች። ከዚያም የበረራ ሠራተኞቹ ወጡ። ከዚያ በኋላ ማንን እንደምንጠብቅ አላውቅም። በማግስቱም እሑድ ባይሆንም እማዬ እንሂድ አለች።

በሬዲዮ ፈረንሳይ አድማ አለ ሲሉ ሰምተናል። ገባኝ። ግን ወረቀትም የለም። ቃልም የለም። ሁለት መስመር ብዬህ ነበር።

ረጀብ አልቋል። ነገ ቃዲው ዘንድ እሄዳለሁ።

ሳዲያ


ፓሪስ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1996

ሳዲዬ፣ የሙሽሮች አበባ፣

ረመዳን ሙባረክ። እንኳን ደስ ያለሽ! መቼም ኒካሁ ታስሮ አልቋል። ከኖቬምበር መጀመሪያ ወዲህ ካንቺ ምንም አልደረሰኝም፤ ፖስታው እዚህ እንደ ተራራ ተከምሮ ገና አሁን እየተናደ ነው። የኔ ግን የፖስታው አድማ ሳይከፋ ስለወጣ እንደደረሰሽ እርግጠኛ ነኝ።

እኔም ዜና አለኝ። ጉባኤው ተደርጎ የፌደሬሽኑ ዋና ጸሐፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። አዎ፣ የኮሪደሩ ሰውዬ። የባቡር ነጂዎቹ ናቸው እጃቸውን ቀድመው ያወጡት። ስናገር ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ማንም ያልጠየቀውን ሰው ወክሎ አይፈርምም» አልኩ። አዳራሹ ተነሳ። እኔ ግን እየተጨበጨበልኝ ያሰብኩት ያን ላንቺ የፈረምኩትን ወረቀት ነበር።

አሁን ሁሉንም ጻፊልኝ። ኢማሙ በእኔ ቦታ እንዴት ቆሙ? መህሩ ምን ሆነ? እማዬ አልቅሳለች? አብዱልሃሚድ ምን ለብሶ ነበር፣ ሱፉ እዚህ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ዘርኣይ እና መንግስትኣብ ዕረፍታቸው እንዳለ ነው?

ወንድምሽ አብዱልመሊክ


አሥመራ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996

ወንድም ጋሼ፣

እንኳን ለዋና ጸሐፊነት አበቃህ። እማዬ ሓዝሓዝን በሙሉ ነግራ ጨርሳለች። ወይዘሮ ጽገረዳ «ከሚኒስትር ይበልጣል?» ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም ሳላውቅ እወ አልኳት። ደስ ብሎኛል፤ ይህን ከሌላው ሁሉ በፊት እወቅልኝ።

ውክልናህ ደርሷል። ከፖስታ ቤት ይዞት የመጣው ባሌ ነው። አድማህ ውስጥ ከርሞ፣ ማዕዘኑ ረጥቦ፣ ጾም ሊገባ ሲል ደረሰ። አብዱልሃሚድ አንብቦት ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እማዬ ስታለቅስ አቆምን።

ኢማሙ በእኔ ቦታ እንዴት ቆሙ ላልከው፣ አልቆሙም። የቆሙት ቃዲው ናቸው። «ወሊይሽ የት ነው?» አሉኝ። ፈረንሳይ ነው፣ ለሰው ሥራ ይሟገታል አልኩ። «እምቢ ብሎ ነው?» አሉ። የለም፣ እመጣለሁ ብሎ ነው አልኩ። «ይህኛው ከእምቢታ ይከብዳል» አሉ። አብዱልሃሚድ እጁን ከእጃቸው አገጠመ። ሱፍ አልነበረውም፣ የወንድሙን ለብሶ እጅጌው አጥሮበት ነበር። ለመህሩ አዲስ የስፌት ማኪና ገዛልኝ፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ዓርብ ሻሂ ቤቱ አሁንም ዝግ ነው። ጥያቄህን ሁሉ መለስኩልህ መሰለኝ።

አንድ ያልጠየቅከው ቀረ። ወረቀትህን ሳነብ ነው የገባኝ። መርምሬ፣ ጠይቄ፣ ረክቼ ይላል። እውነት ነው፣ ጠይቀሃል። ይሰግዳል ወይ ብለሃል። ቤቱ የማን ነው ብለሃል። ሠራተኞቹን፣ ግብሩን፣ ልኩን ጠይቀሃል። እማዬን ጠይቀሃል፣ እሱን ራሱን በስልክ አቁመህ ጠይቀሃል። ደብዳቤዎችህን ከመጀመሪያው ጀምሬ ፈለግኩ። «ሳዲያ፣ አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?» የሚል የለም። እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም ብዬ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ። ላላየኸው ሰው በመፈረምህ ስታዝን ነበር። እሱን ብታየውም ባታየውም ምንም አልነበረም ወንድም ጋሼ። ያልጠየቅከው እኔን ነው።

ቃዲው ጠየቁኝ። እኔና እማዬ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ነበርን፤ እሳቸው ከምስክሮቹ ጋር መጥተው ከወዲያ ሆነው «ሳዲያ ኢንድሪስ፣ አብዱልሃሚድን ባል ብለሽ ወደሻል ወይ?» አሉ። እማዬ ጉልበቴን ጫን አደረገችኝ። አንገቴን ደፋሁ።  ምስክሮቹ ዝምታዬን ተቀብለው ሊመለሱ ሲሉ የጫማቸውን ኮቴ ሰማሁ። ያን ጊዜ ያንተ ፎቶ ትዝ አለኝ፤ ጋሪው ላይ ቆመህ፣ ያ ሁሉ እጅ።

መጋረጃውን ገለጥኩና እጄን አወጣሁ። ሂናው ገና አልደረቀም ነበር፣ መጋረጃውን አበላሽቼዋለሁ። «አዎ፣ ወድጄዋለሁ» አልኩ፣ ደጅ ድረስ ተሰማ አሉ። እማዬ ጭኔን እንዴት እንደቆነጠጠችኝ ምልክቱ እስካሁን አለ።

ቃዲው ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አንስተው «ልጄ፣ ዝም ብትዪም ይበቃሽ ነበር» አሉኝ።

«እኛ ቤት ዝም ያለ አይቆጠርም» አልኳቸው።

እህትህ ሳዲያ